ሂትሲንኩ ቀዝቃዛ፣ ትራንዚስተሩ እሳት፦ ሙቀት የሚታነቅበትን ቦታ ፈልጎ ማስተካከል

አዳማ ውስጥ ኢንቨርተር፣ አምፕሊፋየር ወይም የሶላር ቻርጀር የሚጠግን ሰው አንድ ብልሽት ደጋግሞ ያያል። ሞስፌቱ (ከረንት የሚቆጣጠረው የትራንዚስተር ዓይነት) ተቃጥሎ ይመጣል። ይቀየራል። ብዙም ሳይቆይ ያው ዕቃ፣ ያው ሞስፌት ተቃጥሎ ይመለሳል። ባለቤቱ "የገጠምክልኝ ፎርጅድ ነው" ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ሙቀቱ በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው።

ያኔ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ትልቅ ሂትሲንክ (ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ አየር የሚበትነው ብረት) ግጠሙ። እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ ሙቀቱ የት ላይ እንደታነቀ ለኩ፤ ብር የምታወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙቀት ከትንሽ ቦታ ተነስቶ ወደ ሰፊ ብረት ለመግባት መጀመሪያ ጠባቡን ቦታ ማለፍ አለበት። ይህ ራሱን የቻለ ተቃውሞ ይፈጥራል፤ የጥበት ተቃውሞ እንበለው። የመናኸሪያው በር ጠባብ ከሆነ ከውጭ ያለው አስፋልት ስድስት መስመር ቢሆንም ሰልፉ አይፈጥንም። ብረቱ ቀጭን ሲሆን፣ ወይም መሐል ላይ ቀለም፣ ሚካ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚገባው ስስ ቅጠል) ወይም ሌላ ስስ ሽፋን ሲገባ ደግሞ ጣጣው ይብሳል።

ምን ያስፈልጋል?

የሙቀት መለኪያ ገመድ ያለው መልቲሜትር (ኬ ዓይነት የሚባለው ቴርሞካፕል ይበቃል)፣ ከረንት መገደብ የሚችል ፓወር ሰፕላይ፣ 400 እና 800 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ወፍራም የመስኮት መስታወት ቁራጭ፣ ንጹሕ አልኮል፣ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ፣ የብረት ማስመሪያ እና ቴርማል ፔስት (በሞስፌቱና በሂትሲንኩ መሐል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት)። ፔስቱ ውድ መሆን የለበትም። ለምን እንደሆነ በቁጥር እናየዋለን።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። 230 ቮልት የሚገባበት ዕቃ ውስጥ ትልቁ ካፓሲተር 325 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በካቻቢቴ ሾርት አታድርጉት፤ በሬዚስተር አፍስሱትና በመልቲሜትር አረጋግጡ። ሁለተኛው፦ ከድሮ የሬዲዮ ማሰራጫ የወጡ አንዳንድ ትራንዚስተሮች ነጭ ሴራሚካቸው ቤሪሊየም ኦክሳይድ ነው። ብናኙ ለሳንባ መርዝ ነው። ምንነቱን የማታውቁትን ሴራሚክ አትፈግፍጉ፣ አትስበሩ።

ደረጃ 1፦ ሦስት ቦታ ለኩ

ዕቃው የሚሠራው በ12 ወይም በ24 ቮልት ከሆነ በተለመደው ጭነት አስነሱት። ከዋናው መብራት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ክፍል ላይ ግን የመለኪያ ገመድ እንዳታስነኩ፤ የሞስፌቱ ብረት ጀርባ ራሱ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊኖረው ይችላል። ለእሱ ደረጃ 2 አለላችሁ።

ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ቁጥሩ መጨመር ሲያቆም እነዚህን ለኩ፦ የሞስፌቱን የብረት ጀርባ፣ ከሞስፌቱ ጎን ያለውን ሂትሲንክ፣ የሂትሲንኩን ሩቅ ጫፍ። የአየሩንም ሙቀት ያዙ። ከዚያ አንብቡት።

ጀርባው በጣም ግሎ አጠገቡ ያለው ሂትሲንክ ለብ ብቻ ካለ፣ ሙቀቱ የታነቀው በሁለቱ መገናኛ ላይ ነው። ፔስት፣ ሚካ፣ ብሎን፣ ቀለም ከእነዚህ አንዱ ነው። ደረጃ 4ን ሥሩ።

አጠገቡ ግሎ ሩቁ ጫፍ ቀዝቃዛ ከሆነ መገናኛው ደህና ነው፤ ብረቱ ግን ቀጭን ነው፣ ወይም ሞስፌቱ የተቀመጠበት ቦታ ጥሩ አይደለም። ደረጃ 5 ለእናንተ ነው።

ሦስቱም ተቀራራቢና ሁሉም ትኩስ ከሆኑ ያን ጊዜ ብቻ ነው ሂትሲንኩ ያነሰው ወይም አየር ያጣው።

በሽጉጥ መልክ የሚመጣውን የኢንፍራሬድ መለኪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ተጠንቀቁ። የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ላይ ይዋሻል። ብረቱ የራሱን ጨረር በጣም ጥቂት ስለሚለቅ መሣሪያው የሚያነበው የክፍሉን ነጸብራቅ ነው። 80 ዲግሪ ያለውን ብረት 35 ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል። የሚለካው ቦታ ላይ ጥቁር ቴፕ ለጥፋችሁ ቴፑ ላይ አነጣጥሩ።

ደረጃ 2፦ ዋቱን አውቃችሁ ለኩ

"ግሏል" ማለት ብቻውን አይረዳም። ስንት ዋት እያለፈ ስንት ዲግሪ ልዩነት እንደተፈጠረ ማወቅ አለባችሁ። ለዚህ ሞስፌቱን ራሱን ማሞቂያ ማድረግ ይቻላል።

ከሰርኪዩቱ ለይታችሁ፣ ሂትሲንኩ ላይ እንደተገጠመ፣ ጌቱን ከድሬኑ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙ (ጌት፣ ድሬንና ሶርስ የሞስፌቱ ሦስት እግሮች ናቸው)። የፓወር ሰፕላዩን ፖዘቲቭ ለድሬን፣ ኔጌቲቩን ለሶርስ ስጡ። ከረንቱን 3 አምፔር ላይ ገድቡ። እንደ አይአርኤፍ 3205 እና አይአርኤፍ ዜድ 44 ባሉት ሞስፌቶች ላይ ቮልቴጁ 4 አካባቢ ይቆማል። ቮልቱን በአምፔር ስታባዙ ዋቱን አገኛችሁ፤ እዚህ 12 ዋት ነው። ሞስፌቱ ሲሞቅ ቮልቴጁ ትንሽ ስለሚወርድ የምትይዙት የመጨረሻውን ንባብ ይሁን።

ለምሳሌ ጀርባው 71 ዲግሪ፣ አጠገቡ ያለው ሂትሲንክ 47 ዲግሪ ሆነ እንበል። ልዩነቱ 24 ነው። ለ12 ዋት ስናካፍለው 2 ዲግሪ በዋት ይሆናል። የአይአርኤፍ 3205 ዳታሺት (አምራቹ የሚያወጣው የዕቃው መረጃ ወረቀት) ጠፍጣፋና ፔስት የተቀባ ገጽ ላይ የሚጠብቀው 0.5 ነው። የእናንተ 2 ከሆነ መገናኛው አራት እጥፍ ታንቋል ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ሒሳቡን ሥሩ

ሒሳቡ መደመር ብቻ ነው። ከቺፑ (ውስጥ ካለው ሙቀት ፈጣሪ ሲሊከን) እስከ ጀርባው ያለው ተቃውሞ ዳታሺቱ ላይ አለ፤ ለአይአርኤፍ 3205 0.75 ነው። መገናኛው 0.5፣ ሂትሲንኩ ደግሞ 2 ዲግሪ በዋት ይሁን። 20 ዋት ይለፍ። የዕቃው ሳጥን ውስጥ ያለው አየር 45 ዲግሪ ይሁን፤ በአዳማ የቀትር ሙቀት ይህ የተጋነነ ቁጥር አይደለም።

45 ላይ ለሂትሲንኩ 40፣ ለመገናኛው 10፣ ለውስጡ 15 ስትደምሩ 110 ዲግሪ። ቺፑ የሚችለው ጣሪያ 175 ስለሆነ ሞስፌቱ ይኖራል። አሁን መገናኛው ብቻ ተበላሽቶ 3 ሆነ እንበል። 160 ይደርሳል። ጭነቱ ትንሽ ጨምሮ 25 ዋት ከሆነ ከ188 ያልፋል፤ አለቀለት። ሂትሲንኩን ማንም አልነካውም፣ ሞስፌቱም ኦሪጅናል ነበር።

የጥበት ተቃውሞውን ለብቻው ለማወቅ መጀመሪያ የብረቱን ውፍረት ከትኩሱ ቦታ ራዲየስ ጋር አወዳድሩ። ዋናው ቁልፍ ይህ ነው።

ብረቱ ከራዲየሱ በጣም ወፍራም ከሆነ ሙቀቱ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይሰራጫል። ተቃውሞው 1 ሲካፈል ለ(4 × የብረቱ ሙቀት አስተላላፊነት × ራዲየስ) ነው። አስተላላፊነቱ ለመዳብ 400፣ ለተለመደው የአልሙኒየም ቅይጥ 200፣ ለተራ ብረት 50 ገደማ ነው፤ መለኪያው ዋት በሜትር በዲግሪ ስለሆነ ራዲየሱንም ውፍረቱንም በሜትር አስገቡ። 5 ሚሊ ራዲየስ ያለው ትኩስ ቦታ ወፍራም አልሙኒየም ላይ 0.25 ዲግሪ በዋት ይሰጣል። መዳብ ላይ ከ0.13 አይበልጥም። ተራ ብረት ላይ 1 ይሆናል።

ብረቱ ከራዲየሱ ቀጭን ከሆነና ሙቀቱ ወደ ጎን መሮጥ ግድ ካለበት ሌላ ሒሳብ ነው። የውጩን ራዲየስ ለውስጡ አካፍሉ፤ የውጤቱን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ውሰዱ፤ ያንን ለ(2 × ፓይ × አስተላላፊነት × ውፍረት) አካፍሉ። 1 ሚሊ የአልሙኒየም ላሜራ ላይ ከ5 ሚሊ ራዲየስ ወደ 50 ሚሊ ለመሄድ 1.8 ዲግሪ በዋት ገደማ ይወጣል። ውፍረቱ 5 ሚሊ ቢሆን 0.37 ብቻ። ሙቀቱ መንገድ ላይ ወደ አየር ስለሚወጣ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ትንሽ ያንሳል፤ ለግምት ግን ይበቃል። ላሜራ አጥፎ ሂትሲንክ መሥራት የምትወዱ፣ ይህን ቁጥር እዩልኝ።

ሦስተኛው፣ ሽፋኑ ከራዲየሱ በጣም ስስ ሆኖ ከሥሩ ሌላ ወፍራም ነገር ሲኖር ነው። ያን ጊዜ ሽፋኑን ሙቀት በቀጥታ ያቋርጠዋል። ውፍረቱን ለ(አስተላላፊነት × ስፋት) አካፍሉና ደምሩበት። ቀለም፣ ሚካና ፔስት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። 50 ማይክሮን ቀለም፣ አስተላላፊነቱ 0.2፣ ስፋቱ 1 ካሬ ሳንቲም ከሆነ 2.5 ዲግሪ በዋት ነው። በ20 ዋት 50 ዲግሪ ማለት ነው፤ ዓይን በማይሞላ ቀለም!

ደረጃ 4፦ መገናኛውን አስተካክሉ

ሁለት ብረት ሲገጥም የሚነካካው ጥቂት ነጥብ ላይ ነው። የተቀረው አየር ነው፤ የአየር አስተላላፊነት ደግሞ 0.026 ብቻ ነው። 10 ማይክሮን የአየር ክፍተት በ1 ካሬ ሳንቲም ላይ 4 ዲግሪ በዋት ሊጠጋ ይችላል። እያንዳንዱ የመነካኪያ ነጥብም የራሱ የጥበት ተቃውሞ አለው። 10 ማይክሮን ራዲየስ ያለው አንድ ነጥብ በሁለት አልሙኒየም መሐል 250 ዲግሪ በዋት ነው። አንድ ሺህ ነጥብ ሲኖር ግን 0.25 ይሆናል። ስለዚህ ሥራችን ነጥቡን ማብዛትና የቀረውን አየር በፔስት መተካት ነው።

ሂትሲንኩን ፍቱ። የድሮውን ፔስት በአልኮል ጥረጉ። ማስመሪያውን ገጹ ላይ በጠርዙ አቁማችሁ ወደ ብርሃን እዩ፤ ከሥሩ ብርሃን ካለፈ ገጹ ጠፍጣፋ አይደለም። የብርጭቆ ወረቀቱን መስታወት ላይ ዘርግታችሁ፣ መጀመሪያ በ400 ከዚያ በ800፣ ሂትሲንኩን በክብ እንቅስቃሴ ፈግፍጉት። ትልቅ ከሆነ ወረቀቱን ጠፍጣፋ ቁራጭ ላይ ጠቅልላችሁ የሞስፌቱን ቦታ ብቻ ሥሩ። ቀለም ካለ እስከ ብረቱ አውልቁት። እንደ መስታወት ማብረቅ አያስፈልግም፤ ጠፍጣፋነት ይበልጣል።

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር የብሎን ቀዳዳ ነው። በትራፓኖ የተበሳ ቀዳዳ ዳሩ ላይ ሹል ብረት ይቀራል። ያ ሞስፌቱን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሚካውንም ይበሳዋል። ከቀዳዳው ሰፋ ያለ መብሻ በእጃችሁ ይዛችሁ አንድ ሁለቴ አዙሩበት። በጣታችሁ ዳስሱት። ምንም መቆርቆር የለበትም።

ፔስቱን በስሱ ቀቡ። አስተላላፊነቱ 1 የሆነ ተራ ነጭ ፔስት በ50 ማይክሮን ውፍረት፣ በ1 ካሬ ሳንቲም፣ 0.5 ነው። ያንኑ ፔስት 200 ማይክሮን ስታደርጉት 2 ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ ርካሹ በስሱ ሲቀባ፣ አስተላላፊነቱ 4 ሆኖ በወፍራሙ ከተቀባ ውድ ፔስት ጋር እኩል ይወጣል። በአሮጌ የስልክ ካርድ ጠርዝ ዘርጉት፤ ብረቱ በሥሩ ጭላንጭል ብሎ ከታየ በቂ ነው። የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚባለውን እርሱት፤ ውኃው ሲደርቅ የሚቀረው ጠጠር ነው።

ሚካ ግድ ከሆነ ሁለቱንም ገጽ ቀቡ። ደረቅ ሚካ ሁለት የአየር ሽፋን ጨመረ ማለት ነው። ከተገጠመ በኋላ በሞስፌቱ ጀርባና በሂትሲንኩ መሐል መልቲሜትሩ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም።

ብሎኑ ላይ ብዙ ሰው ኃይለኛ ነው። ለኤም 3 ብሎን ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከ0.5 እስከ 0.6 ኒውተን ሜትር ነው። ሮንዴላ ሳትረሱ፣ በትንሽ ካቻቢቴ ጠንከር አድርጋችሁ ብታስሩ ይበቃል። ከልክ በላይ ሲጠብቅ በብሎኑ በኩል ያለው ብረት ይታጠፍና ቺፑ ያለበት ወገን ከሂትሲንኩ ይነሳል። ጠብቋል ብላችሁ ታንቋል። ከቻላችሁ በብሎን ፋንታ ፕላስቲኩን ከላይ የሚጫን የብረት ክሊፕ ተጠቀሙ፤ የሚጫነው ቺፑ ያለበትን ቦታ ስለሆነ ይሻላል።

ለማረጋገጥ አንዴ ገጥማችሁ መልሳችሁ ፍቱት። ፔስቱ በሁለቱም ገጽ ላይ እኩል ከታተመ ጥሩ ነው። ባዶ ወይም ወፍራም ቦታ ካለ ወደ መስታወቱ ተመለሱ። ካያችሁት በኋላ ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡ።

ደረጃ 5፦ ብረቱ ቀጭን ከሆነ

መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ሞክሩ፤ ቦታ ቀይሩ። መሐል ላይ የተቀመጠ ሞስፌት ሙቀቱ ዙሪያውን በሙሉ ይሄዳል። ጠርዝ ላይ ሲሆን ግማሹ ዙሪያ የለም፤ የጎን ተቃውሞው እጥፍ ይሆናል። ጥግ ላይ ደግሞ አራት እጥፍ። አራት ሞስፌት አንድ ጥግ ላይ ደርድሮ ቀሪውን ላሜራ ባዶ የተወ ኢንቨርተር ገበያ ላይ ሞልቷል። ሽቦው አጭር እንዲሆን ነው፤ ይገባኛል። ግን በተናችሁ ብትገጥሟቸው ይሻላል።

ቦታ መቀየር ካልተቻለ በሞስፌቱና በላሜራው መሐል ወፍራም ቁራጭ አስገቡ። ቅድም ያሰላነው 1 ሚሊ ላሜራ 1.8 ነበር። 5 ሚሊ ውፍረት፣ 4 ሳንቲም በ4 ሳንቲም የሆነ መዳብ ስታስገቡ ወደ 0.9 ይወርዳል። በ20 ዋት ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ቅናሽ ነው። አልሙኒየም ብትጠቀሙ 1 አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ መዳብ ፍለጋ አትድከሙ፤ ከብረታ ብረት ቤት የተረፈ የአልሙኒየም ቁራጭ ይሠራል። ቁራጩም ሁለቱም ገጹ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ፔስትም ይቀባ።

ኤልኢዲ ቦርድ ላይ

አምፖል የምትጠግኑ ይህን ያዙ። አልሙኒየም ቦርዱ ላይ ከላይ ስስ መዳብ፣ ከሥሩ 100 ማይክሮን አካባቢ የሆነ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሽፋን፣ ከዚያ አልሙኒየሙ አለ። የሽፋኑን የሙቀት አስተላላፊነት 1 እንበል። ሙቀቱ በኤልኢዲው ልክ፣ 10 ካሬ ሚሊ ላይ ብቻ ካለፈ ተቃውሞው 10 ነው። መዳቡ ቀድሞ ወደ 1 ካሬ ሳንቲም ቢበትነው 1 ይሆናል። ስለዚህ ከኤልኢዲው ሥር ያለውን ሰፊ መዳብ አትቁረጡ፣ በካውያም አትላጡት። ሽቦ ለማገናኘት ስትፈልጉ ዳር ላይ ፈልጉ።

በተራ ፋይበር ቦርድ ላይ ከሆነ ደግሞ 35 ማይክሮን መዳብ ብቻውን ከ2 ሚሊ ራዲየስ ወደ 20 ሚሊ ለማድረስ 26 ዲግሪ በዋት ያስከፍላል። ለዚህ ነው ባለ 1 ዋት ኤልኢዲ ተራ ቦርድ ላይ የማይበረክተው።

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዚህም ወደ ቀጠነው ከሄዳችሁ አንድ ጥንቃቄ። ሽፋኑ በናኖሜትር ሲለካ ከሠንጠረዥ የወሰዳችሁት አስተላላፊነት አይሠራም። ሲሊከን በወፍራሙ 148 ነው፤ 100 ናኖሜትር ሲሆን በሽፋኑ አቅጣጫ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ሙቀት ተሸካሚዎቹ ከሽፋኑ ግድግዳ ጋር ስለሚጋጩ ነው። ሁለት ቁስ ፍጹም ተጣብቆ እንኳ ድንበሩ ላይ የሙቀት ዝላይ አለ፤ ፒዮትር ካፒትሳ በ1941 በፈሳሽ ሂሊየምና በብረት መሐል ያሳየው ይህንኑ ነው። የጥበት ሒሳቡን ከመጀመራችሁ በፊት ትክክለኛውን የሽፋን ቁጥር አስገቡ፣ የድንበሩንም ደምሩ።

ደረጃ 6፦ ሂትሲንኩ ራሱ ካነሰ

እዚህ የደረሳችሁት ሦስቱም ንባብ ትኩስ ሆኖባችሁ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። ፋን የሌለው ሂትሲንክ በአየር የሚያወጣው ሙቀት 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ፋን ያለው ደግሞ የሚገፋው የአየር ክብደት ያንሳል። ስለዚህ ዳታሺቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ። ክንፎቹ ወደ ላይ እንዲቆሙ አድርጉ፤ በጎን ሲተኙ ትኩሱ አየር መውጫ ያጣል። የከተማውን ነፋስና አቧራ ታውቁታላችሁ። ነፋሱ ሳጥን ውስጥ አይገባም፣ አቧራው ግን ይገባል። ክንፎቹን በብሩሽ ጥረጉ፤ ፋን ካለ በስንጥር ይዛችሁ ንፉት፣ በአየር ግፊት ሲሽከረከር ቤሪንጉ ይጎዳል።

ሥራውን ስትጨርሱ ደረጃ 1ን በዚያው ጭነት ድገሙት። ሦስቱን ንባብ፣ የአየሩን ሙቀት፣ ዋቱንና ቀኑን ክዳኑ ውስጥ በማርከር ጻፉ። ዕቃው ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ ለክታችሁ ከጽሑፉ ጋር አስተያዩት፤ ጀርባውና አጠገቡ መሐል ያለው ልዩነት ከሰፋ ፔስቱ ደርቋል ወይም ብሎኑ ላልቷል፣ ከዚያ ጀምሩ።